የአካባቢ ታሪክ ማኅበር፦ ዓላማውና የሚመራባቸው መርሆዎች

አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ከአሮጌው ግቢ ወደ አዲስ ሕንፃ ሲዛወር በቅድሚያ የሚጫኑት ጠረጴዛና ወንበር፣ ኮምፒዩተርና የብረት ካዝና ናቸው። በመጨረሻ የሚታወሰው የመዝገብ ክፍሉ ነው። በሲባጎ የታሰሩ ፋይሎች፣ የቀድሞ የገበሬ ማኅበራት ቃለ ጉባኤዎች፣ የግብር ደረሰኝ ጉርዶችና ማኅተማቸው የደበዘዘ ደብዳቤዎች "ለሥራ የማይፈለጉ" ተብለው በአንድ ጥግ ይከመራሉ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የሚወስኑት ዝናብና ምስጥ ናቸው።

ከእነዚህ ወረቀቶች መካከል የአካባቢው የመጀመሪያ ትምህርት ቤት መቼ እንደተከፈተ፣ መሬቱን የሰጠው ማን እንደነበረ፣ ገበያው ከቅዳሜ ወደ ማክሰኞ የተዛወረው በምን ምክንያት እንደሆነ የሚያስረዳው ብቸኛ ሰነድ ሊገኝ ይችላል። ወረቀቱ ከጠፋ የሚቀረው የአዛውንቶች ትዝታ ነው። አዛውንቶቹ ሲያልፉ ደግሞ የሚጠየቅ አይኖርም።

የአካባቢ ታሪክ ማኅበር የሚባለው የዜጎች ስብስብ የሚቋቋመው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። በበርካታ አገሮች የረጅም ጊዜ ታሪክ ያለው ይህ የማኅበር ዓይነት በአገራችን በስፋት የሚታወቅ አይደለም። በመሆኑም ዓላማው ምን እንደሆነ፣ በምን መርሆዎች እንደሚመራና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከእርሱ ጋር ሊኖራቸው የሚገባው ግንኙነት ምን መምሰል እንዳለበት ማየቱ ጠቃሚ ይሆናል።

የአካባቢ ታሪክ ማኅበር በአንድ የተወሰነ ቦታ፣ ማለትም በአንድ ከተማ፣ ወረዳ ወይም ቀበሌ ያለፈውን ዘመን የሚመለከቱ ሰነዶችን፣ ቁሳቁሶችንና የቃል መረጃዎችን የሚፈልግ፣ የሚመዘግብ፣ የሚጠብቅና ለሕዝብ የሚያሳውቅ የበጎ ፈቃደኞች ስብስብ ነው። ከልማት ማኅበር የሚለየው መንገድና ድልድይ ለመሥራት ገንዘብ የማያሰባስብ በመሆኑ ነው። የቱሪስት መስሕብን ከሚያስተዋውቅ አካል የሚለየውም የአካባቢውን ስም ማሞገስ ተቀዳሚ ተግባሩ ባለመሆኑ ነው። ተግባሩ የሆነውን ነገር እንደሆነ መዝግቦ ለሚቀጥለው ትውልድ ማስተላለፍ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ማኅበር ከተመሠረተባቸው ቀደምት ስፍራዎች አንዱ በሰሜን አሜሪካ የምትገኘው የቦስተን ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1765 ዓመፀኞች የምክትል አገረ ገዥውን የቶማስ ሃቺንሰንን ቤት በሰበሩ ጊዜ፣ ባለቤቱ የግዛቲቱን ታሪክ ለመጻፍ ያሰባሰቧቸው የቆዩ ጽሑፎች መንገድ ላይ ተበትነው ጭቃ ውስጥ ወድቀዋል። ከአንድ ዓመት አስቀድሞ ደግሞ የሃርቫርድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት በእሳት ወድሟል። ጄረሚ ቤልክናፕ የተባሉ ሰባኪና የታሪክ ጸሐፊ ከዚህ ዓይነቱ ጥፋት ትምህርት በመውሰድ እ.ኤ.አ. በ1791 ከዘጠኝ ባልደረቦቻቸው ጋር የማሳቹሴትስ የታሪክ ማኅበርን መሠረቱ። ማኅበሩ በቀጣዩ ዓመት ያሰባሰባቸውን ሰነዶች ማሳተም የጀመረ ሲሆን እስከ ዛሬም በሥራ ላይ ይገኛል።

ከዚህ ተሞክሮ ሊሰመርበት የሚገባው ነጥብ መሥራቾቹ ትልቅ ሕንፃ ወይም ከፍተኛ በጀት ያልነበራቸው መሆኑ ነው። የጀመሩት በአሥር ሰዎች ነው። ሐሳባቸውም ግልጽ ነበር። በአንድ ቤት፣ በአንድ ቅጂ ብቻ የሚገኝ ጽሑፍ በአንድ ሌሊት ሊጠፋ ስለሚችል፣ ከሁሉ የሚበልጠው ጥበቃ ቅጂውን ማብዛት ነው የሚል ነው።

በአገራችንም ተቀራራቢ ዓላማ ያነገቡ ጥረቶች ታይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1963 በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሥራውን በጀመረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የወዳጆች ማኅበር ተመሥርቶለታል። የማኅበሩ ተቀዳሚ ተግባር ከአባላትና ከደጋፊዎች ገንዘብ በማሰባሰብ፣ ተሽጠው ከአገር ሊወጡ የሚችሉ የብራና መጻሕፍትን፣ ሥዕሎችንና ሌሎች ቅርሶችን እየገዛ ለተቋሙ ሙዚየምና ቤተ መጻሕፍት ማስረከብ ነበር። ይህ የወዳጆች ማኅበር አገር አቀፍ ይዘት ያለው ቢሆንም፣ ዜጎች ተደራጅተው መንግሥት ብቻውን ሊደርስበት ያልቻለውን ክፍተት መሸፈን እንደሚችሉ አሳይቷል።

በአካባቢ ደረጃ ጎልቶ የሚጠቀሰው ደግሞ የሐረር ተሞክሮ ነው። ሐረር ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ሲሆን፣ በግንቧ ውስጥና በአካባቢዋ 82 መስጊዶችና 102 የወልዮች መዘከሪያ ስፍራዎች እንደሚገኙ በዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ይሁን እንጂ የከተማዋ ታሪክ በግንቡና በአምስቱ ጥንታዊ በሮቿ ብቻ የሚነበብ አይደለም። በየቤቱ የሚገኙት በእጅ የተጻፉ መጻሕፍት፣ የአሚሮቹ ዘመን ሳንቲሞች፣ የቤት ቁሳቁሶች፣ ጌጣጌጦችና አልባሳትም የዚሁ ታሪክ አካል ናቸው።

የከተማዋ ተወላጅ የሆኑት አቶ አብደላ ሸሪፍ እነዚህን ቅርሶች በራሳቸው ተነሳሽነት ማሰባሰብ ጀመሩ። በመጀመሪያ በራሳቸው ገንዘብ እየገዙ በመኖሪያ ቤታቸው ያስቀምጡ ነበር። ስብስቡን ለሕዝብ ክፍት ካደረጉ በኋላ ግን የከተማዋ ነዋሪዎች ቅርሶቻቸውን ያለ ክፍያ ያበረክቱላቸው ጀመር። ከዚያም ክልሉ ራስ ተፈሪ ይኖሩበት የነበረውን ታሪካዊ ቤት ለሙዚየምነት ስለሰጣቸው ስብስቡ ወደዚያው ተዛውሯል። በሙዚየሙ ከጽሑፎቹ በተጨማሪ የቆዩ ዜማዎች የተቀረጹባቸው የድምፅ ቅጂዎች የሚገኙ ሲሆን፣ ሊጠፋ ተቃርቦ የነበረው የሐረር የመጽሐፍ አደጓጎስ ጥበብም በዚሁ ጥረት እንደገና ሊያንሰራራ ችሏል።

ከሐረር ሁለት ትምህርቶች ይገኛሉ። አንደኛው፣ ሕዝቡ ቅርሱን የሚሰጠው ቅርሱ የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው በዓይኑ ሲያረጋግጥ መሆኑ ነው። ተቆልፎ ለሚቀመጥ ሳይሆን ለልጆቹ ለሚታይ ነገር እጁን ይዘረጋል። ሁለተኛው፣ መንግሥት ቤት በመስጠት ያደረገው ድጋፍ ከግለሰቡ ጥረት ጋር በመቀናጀቱ ውጤት ያመጣ መሆኑ ነው።

ይሁን እንጂ እንደ ሐረር ያለ ጽኑ ሰው በየወረዳው ይገኛል ተብሎ አይጠበቅም። ቢገኝም የአንድ ሰው ዕድሜና አቅም የተወሰነ ነው። በየከተማው ፎቶግራፍና ደብዳቤ ሲያሰባስቡ የኖሩ መምህራን፣ ካህናት፣ ሼሆችና ጡረተኞች አሉ። እነርሱ ሲያልፉ የደከሙበት ስብስብ ለወራሾች ይከፋፈላል፤ አንዳንዱም ምንነቱ ሳይታወቅ ይጣላል። ማኅበር የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። የግለሰቡ ፍቅር የጀመረውን ሥራ ከግለሰቡ ዕድሜ በላይ እንዲዘልቅ የሚያደርገው መተዳደሪያ ደንብ፣ መዝገብና ተተኪ አባል ያለው ተቋም ነው። እድርና ማኅበርን ለዘመናት ሲያስተዳድር ለኖረ ሕዝብ ደግሞ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም።

አንድን የታሪክ ማኅበር ከተራ የዕቃ ስብስብ የሚለዩት የሚመራባቸው መርሆዎች ናቸው።

የመጀመሪያው መርህ ምንጭን መመዝገብ ነው። ማኅበሩ የሚረከበው እያንዳንዱ ዕቃ፣ ሰነድ ወይም ቃል ከማን፣ ከየት፣ መቼና በምን ሁኔታ እንደተገኘ በመዝገብ ላይ መስፈር አለበት። ምንጩ ያልታወቀ ጎራዴ ከማንኛውም ሌላ ጎራዴ አይለይም። የማን እንደነበረ፣ በየትኛው ዘመቻ እንደተያዘና በማን እጅ ሲወርድ እንደኖረ የሚገልጽ ግማሽ ገጽ ጽሑፍ ሲኖረው ግን የአካባቢው ታሪክ ምስክር ይሆናል። ፎቶግራፍም እንዲሁ ነው። በሥዕሉ ላይ ያሉትን ሰዎች የሚያውቅ አዛውንት በሕይወት ሳለ ስማቸው በጀርባው ካልተጻፈ፣ ከ10 ዓመት በኋላ ፎቶግራፉ ማንነታቸው የማይታወቅ ሰዎች ምስል ከመሆን አያልፍም።

ሁለተኛው መርህ ቅጂን ማብዛትና ዋናውን ለባለቤቱ መተው ነው። ማኅበሩ የሁሉም ነገር ባለቤት መሆን አይጠበቅበትም። በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት የሚገኝ የብራና መጽሐፍ፣ በመስጊድ የሚጠበቅ ጽሑፍ ወይም በቤተሰብ ሣጥን የተቀመጠ ደብዳቤ በባለቤቱ ፈቃድ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ወደ ቦታው ሊመለስ ይችላል። ቅጂው በማኅበሩ፣ በወረዳው ቤተ መጻሕፍትና በአቅራቢያው በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ቢቀመጥ የአንዱ መጥፋት የሁሉም መጥፋት አይሆንም። ይህ አሠራር በማኅበሩና በቅርሱ ባለቤቶች መካከል የሚፈጠረውን ጥርጣሬ ያስወግዳል። ብዙዎች ያላቸውን የሚደብቁት እንዳይወሰድባቸው በመሥጋት ነውና።

ሦስተኛው መርህ የተለያዩ አስተያየቶችን በእኩልነት መመዝገብ ነው። አንድ የቦታ ስም ከምን እንደመጣ፣ አንድን ከተማ ማን እንደቆረቆረ ሁለትና ሦስት ዓይነት ትረካ መኖሩ የተለመደ ነው። የማኅበሩ ድርሻ አንዱን አጽድቆ ሌላውን መሻር አይደለም። እያንዳንዱን ትረካ ከተራኪው ስም፣ ዕድሜና የመረጃ ምንጭ ጋር ያሰፍራል፤ የጽሑፍ ማስረጃ ካለ አብሮ ያቀርባል፤ ፍርዱን ለተመራማሪውና ለአንባቢው ይተዋል። ሐረሪው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባው፣ ሶማሌውና ጉራጌው በአንድነት በኖሩባት፣ የሕንድ፣ የየመንና የአርመን ነጋዴዎችም በሠሩባት እንደ ሐረር ባለች ከተማ የአንዱን ወገን ትውስታ ብቻ የያዘ መዝገብ የከተማዋ ታሪክ ሊባል አይችልም። በሌሎች ከተሞችም ሁኔታው ከዚህ እጅግ የራቀ አይደለም።

ከዚሁ ጋር ተያይዞ ማኅበሩ ለወሰን ክርክር፣ ለሥልጣን ጥያቄ ወይም ለአንድ ወገን ቅስቀሳ ማስረጃ አቅራቢ ሆኖ መቆም የለበትም። መዝገቡን ማንም ዜጋ ሊመለከተው ይችላል። ማኅበሩ ግን የማንም ጠበቃ አይደለም። ይህን መርህ የጣሰ ማኅበር በመጀመሪያ የሚያጣው አመኔታን ነው። አመኔታ ከጠፋ ደግሞ ሣጥኑን የሚከፍትለት ቤተሰብ አያገኝም።

አራተኛው መርህ የሰውን ክብርና ፈቃድ መጠበቅ ነው። ቃሉን የሚሰጥ አዛውንት ድምፁ ለምን እንደሚቀረጽና ማን እንደሚሰማው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። የተወሰነው ክፍል በሕይወት ዘመኑ ይፋ እንዳይሆን ከጠየቀ ጥያቄው ይከበራል። በተለይ በአስቸጋሪ ዘመናት የተፈጸሙ ድርጊቶችን የሚመለከቱ ምስክርነቶች በሕይወት ያሉ ሰዎችንና ቤተሰቦቻቸውን ሊነኩ ስለሚችሉ ከፍተኛ ጥንቃቄ ይሻሉ።

አምስተኛው መርህ ከንግድና ከሕገ ወጥ ቁፋሮ መራቅ ነው። የማኅበሩ አባላት በቅርስ ግዥና ሽያጭ ሊሳተፉ አይገባም። ያለ ፈቃድ መቆፈርም ለአዋቂነት ጉጉት ተብሎ የሚፈቀድ ሥራ አይደለም። ከአፈር ውስጥ የወጣ ዕቃ የተገኘበት ጥልቀትና አብሮት የነበረው ነገር ካልተመዘገበ አብዛኛው ትርጉሙ ይጠፋል።

እነዚህ መርሆዎች ከአገሪቱ ሕጎች ጋር የሚጣጣሙ ናቸው። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመንከባከብ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። በአንቀጽ 91 ደግሞ ታሪካዊ ቦታዎችንና ቅርሶችን መጠበቅ የመንግሥትና የመላው ዜጎች ግዴታ መሆኑን ያረጋግጣል። በዚህ አገላለጽ መሠረት ቅርስን መጠበቅ ለባለሥልጣን ብቻ የተተወ ሥራ ሳይሆን ዜጋውም የሚጋራው ግዴታ ነው።

ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በመንግሥት ወይም በግለሰብ ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ባለቤቱንም ለቅርሱ ተገቢውን እንክብካቤ የማድረግ ግዴታ ይጥልበታል። በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ማስታወቅ እንዳለበት፣ ለቁፋሮና ለፍለጋ ሥራም ፈቃድ እንደሚያስፈልግ በአዋጁ ተመልክቷል። በመሆኑም ማኅበሩ አባላቱን በሕጉ ዙሪያ ማስተማርና አዲስ ግኝት ሲኖር በአቅራቢያው ለሚገኘው የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ከሥራዎቹ አንዱ ይሆናል።

ማኅበር ስለማቋቋም የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 404 ማኅበርን ትርፍ ከማግኘት ወይም ከመካፈል ውጭ ለሆነ ግብ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች የሚያደርጉት ስብስብ አድርጎ ይተረጉመዋል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ደግሞ አምስትና ከዚያ በላይ አባላት ያሉት፣ ጠቅላላ ጉባኤው የበላይ አካል የሆነለት ማኅበር የሚቋቋምበትን ሥርዓት ይዘረጋል። በአንድ ክልል ብቻ የሚንቀሳቀሱ ማኅበራት ግን የሚመዘገቡበት አካል በየክልሉ ሕግ የሚወሰን በመሆኑ፣ መሥራቾቹ አስቀድመው የክልላቸውን አሠራር መጠየቅ ይኖርባቸዋል።

በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ፈጽሞ ሊዘነጋ የማይገባው አንቀጽ ማኅበሩ ቢፈርስ ስብስቡ የት እንደሚሄድ የሚወስነው ነው። ለአካባቢው ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ ለሙዚየም ወይም ለዩኒቨርሲቲ እንደሚተላለፍ በግልጽ ካልሰፈረ፣ ሰጪዎች ለሕዝብ ብለው ያበረከቱት ዕቃ በአባላት መካከል የጭቅጭቅ መንስዔ ሊሆን ይችላል። የሒሳብ አያያዙም በየዓመቱ ለጠቅላላ ጉባኤው መቅረብ አለበት።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችስ ድርሻ ምንድን ነው? በመጀመሪያ ደረጃ ከራሳቸው መዝገብ ክፍል መጀመር ይጠበቅባቸዋል። የመንግሥት መዛግብትን አያያዝ በሚመለከት ለብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ኃላፊነት የሰጠው አዋጅ ቁጥር 179/1991 ከወጣ ከ20 ዓመታት በላይ ተቆጥረዋል። ሆኖም አንድ መሥሪያ ቤት ሲዛወር፣ ሲታጠፍ ወይም ከሌላው ጋር ሲዋሃድ የቆዩ ሰነዶች ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው በዕለቱ ተረኛ በሆነው ሠራተኛ ውሳኔ ነው። ኃላፊው ሰነዶች ከመወገዳቸው በፊት ዝርዝራቸው እንዲዘጋጅ፣ ሕጋዊው ሥርዓት እንዲከበርና ታሪካዊ ይዘት ያላቸው እንዲለዩ ቢያዝ ከፍተኛ ወጪ አይጠይቀውም። የአካባቢ ታሪክ ማኅበር ካለ ደግሞ የትኛው ወረቀት ምን እንደሆነ የሚያውቁ አዛውንት አባላቱ በልየታው ሊያግዙ ይችላሉ።

በሁለተኛ ደረጃ ለማኅበሩ አንዲት ክፍል፣ አንድ የሚቆለፍ ቁም ሣጥንና የስብሰባ ቦታ መፍቀድ ከበርካታ የገንዘብ ድጎማዎች የበለጠ ጥቅም አለው። በሦስተኛ ደረጃ፣ የመንግሥት ድጋፍ ወደ ትእዛዝ እንዳይለወጥ መጠንቀቅ ይገባል። ለበዓል መጽሔት የሚስማማውን ብቻ እንዲጽፍ፣ የማይስማማውን እንዲተው የሚነገረው ማኅበር ውሎ አድሮ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ተቀጥላ ይሆናል። በመዝገቡ ላይ ቀደም ሲል የተፈጸመ የአስተዳደር ስሕተት ቢገኝ እንኳ፣ ለዛሬው ኃላፊ ከስሕተቱ መማሪያ እንጂ ክስ ሆኖ መታየት የለበትም።

ይህ ሥራ ለዕለት ተዕለት አስተዳደርም የሚሰጠው ጠቀሜታ አነስተኛ አይደለም። ምንጭ የት እንደነበረና መቼ እንደደረቀ፣ ጎርፍ በየትኛው ሠፈር እንዳለፈ፣ አንድ የወል መሬት ለምን አገልግሎት እንደተከለለ የሚያስረዳ የቆየ ሰነድ ለመሐንዲሱም ለመሬት አስተዳደር ባለሙያውም ይጠቅማል። የመንገድና የትምህርት ቤት ስያሜ ሲሰጥም ማስረጃ ላይ የተመሠረተ ውሳኔ ለመስጠት ያስችላል።

ሥራውን ለመጀመር የሚያስፈልገው ነገር ብዙ አይደለም። ጥቂት ፈቃደኛ ሰዎች፣ አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብና ድምፅ የሚቀርጽ ተንቀሳቃሽ ስልክ ይበቃሉ። የመጀመሪያው ተግባር በአካባቢው በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ስም ዝርዝር ማዘጋጀት ነው። ሁለተኛው የእድሮችን የቆዩ መዛግብት፣ የትምህርት ቤት የተማሪዎች መዝገብንና የቤተሰብ ፎቶግራፎችን የት እንዳሉ ማወቅ ነው። የጥንቱን ብቻ መፈለግም ተገቢ አይደለም። የመጀመሪያው ክሊኒክ፣ የመጀመሪያው የእህል ወፍጮ፣ መብራት የገባበት ቀን የአካባቢው ታሪክ አካል ናቸው።

ጊዜው ግን የሚጠብቅ አይደለም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረውን የጣሊያን ወረራ በዓይናቸው አይተው የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬ እጅግ ጥቂት ናቸው። በ1966 ዓ.ም. ለውጥ ወቅት 20 ዓመት የሆነው ወጣት አሁን ከ70 ዓመት አልፎታል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ በየቀበሌው የገበሬ ማኅበራትን የመሠረቱ፣ መሬት ያከፋፈሉና ቃለ ጉባኤ የያዙ ሰዎች ከእኛ ጋር ያሉት ለተወሰኑ ዓመታት ነው። የጻፉት ቃለ ጉባኤ ምናልባት በወረዳው መዝገብ ክፍል ጥግ ተከምሮ ይሆናል። ጽሑፉና ጸሐፊው በአንድነት የሚገኙበት ጊዜ ይህ ነው፤ ካለፈም አይመለስም።

የአካባቢ ታሪክ ማኅበር ዓላማ ሲጠቃለል ይኸው ነው። የሚያውቅ ሰው በሕይወት ሳለ መጠየቅ፣ የተገኘውን ከነምንጩ መመዝገብ፣ ቅጂውን ማብዛትና ለሁሉም ክፍት ማድረግ። ኃላፊዎችና የመንግሥት ሠራተኞችም በተሰማሩበት ቦታ ሁሉ ከእጃቸው የሚገኘውን አሮጌ መዝገብ ከመጣሉ በፊት አንድ ጊዜ ገልጠው ቢመለከቱ፣ ለዚህ ዓላማ ቀላል የማይባል አስተዋጽኦ ያደርጋሉ።